ከሥራ ስትቀነሱ ዕድልን ከየት ትጀምራላችሁ? መጀመሪያ ስልካችሁን ክፈቱ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ነበር፤ ቃና ዘገሊላ። የሚካኤልን ታቦት ሸኝቼ፣ እግሬ ዝሎ ቤት ገባሁና ለነገ የሥራ ልብሴን ተኮስኩ። በዚያው ምሽት ዋሽንግተን ላይ አዲሱ ፕሬዚዳንት የአሜሪካን የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን የሚያግድ ትዕዛዝ ፈረሙ። ዜናውን ያነበብኩት በማግስቱ ሰርቪስ ውስጥ ነው። "የእኛን አይነካም" ተባባልን። ብዙም ሳይቆይ ፕሮጀክታችን ቆመ። ቀጥሎ የስንብት ደብዳቤ መጣ።

ዘጠኝ ዓመት የግዥ ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ "አይዞሽ፣ ለውጥ ዕድል ይዞ ነው የሚመጣው" የሚለኝ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አሁንም ትንሽ ያናድደኛል። የኔ ለውጥ የያዘው ደብዳቤ ብቻ ነበር። ዕድሉን ያገኘሁት ሌላ ሰው ላይ በደረሰ ሌላ ለውጥ ውስጥ ነው። እንዴት እንዳገኘሁት በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ከድርጅት ተቀንሳችሁ፣ ሱቃችሁ ለኮሪደር ልማት ተነሥቶባችሁ ወይም ከዓረብ አገር ተመልሳችሁ ከሆነ መንገዱ ብዙ አይለይም።

1. ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ

ደብዳቤ የተሰጠው ሰው ቶሎ ቤቱ ገብቶ መተኛት ነው የሚያምረው። ይቆይ። አንዴ ከግቢው ከወጣችሁ አንድ ማህተም ለማስመታት ስንት ቀን እንደምትመላለሱ አትጠይቁኝ። ማህተሙን የምትይዘው ልጅም እኮ ተቀንሳለች።

ቢሮው ሳይዘጋ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በሁለት ኦሪጅናል አስወጡ። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ የሥራ መደባችሁን፣ ደሞዛችሁንና ዋና ዋና ተግባራችሁን ይዘርዝር። ክሊራንስ (የቢሮው ዕዳም ንብረትም እንደሌለባችሁ የሚያሳየውን ወረቀት) ጨርሱ። የመጨረሻዎቹን ወራት የደሞዝ መግለጫ ያዙ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጻፉት። በየወሩ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተዋጣ የቆየው ጡረታ ከሥራ ስለወጣችሁ አይጠፋም፤ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ በዚያው ቁጥር ይቀጥላል።

ከዚያ ሒሳብ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያን እንዲህ ያሰላዋል። የቀን ደሞዙ 600 ብር የሆነና 6 ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ያገኛል፤ 18,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 6,000 በ5 ዓመት 30,000 ይሆናል። እስካሁን 48,000 ብር ነው። ይህ ክፍያ ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። የወጣው በሠራተኛ ቅነሳ ወይም ድርጅቱ ጨርሶ በመዘጋቱ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደሞዝ፣ ማለትም 36,000 ብር ይታከልለታል። በድምሩ 84,000 ብር።

ለቅነሳ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ቀርቶብኛል የምትሉት ገንዘብ ካለም "ይሰጡኛል" እያላችሁ አትቀመጡ፤ 6 ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል፣ ከዚያ በኋላ ከሳችሁም አታገኙት። ውላችሁ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተፈረመ ከሆነ ስሌቱ ሊለይ ስለሚችል ውሉን ይዛችሁ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

እኔ እዚህ ላይ ተበልቻለሁ። "ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ሰጡኝና ዓይኔ እንባ አቅሮ ፈረምኩ። ያልወሰድኩት የ9 ቀን ዓመት ፈቃድ ሒሳቡ ውስጥ እንዳልገባ ያወቅኩት ቤት ገብቼ ሳሰላ ነው። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ "ነገ ፈርሜ አመጣለሁ" በሉ፣ ማታ አስሉት።

2. ያላችሁን ገንዘብ በወር ቁጠሩት

84,000 ብር ሲባል ደንበኛ ገንዘብ ይመስላል። የቤቱ ወጪ በወር 28,000 ከሆነ ግን 3 ወር ነው። በቃ። "84,000 አለኝ" ከማለት "3 ወር አለኝ" ማለት ሰውን ያነቃል።

ወጪውን ስታሰሉ የድሮ ደብተር አትመልከቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የአስቤዛውም ነገር የምታውቁት ነው። ባለፈው ወር የወጣውን ብቻ ከቴሌብርና ከባንክ መልእክቶቻችሁ ላይ ደምሩ።

ዕቁብ ካላችሁ አትጥፉ። ዕቁብ ላይ የጠፋ ሰው ከገንዘቡ በላይ ስሙን ነው የሚያጣው፤ እናንተ ደግሞ በሚመጡት ወራት ከስማችሁ ሌላ ብዙ ንብረት የላችሁም። የዕቁቡን ዳኛ ለብቻቸው አግኙና እንደተቀነሳችሁ ንገሯቸው። ዕጣ ከሰው ጋር መቀያየር፣ ሙሉውን ወደ ግማሽ ማውረድ፣ ብዙ ጊዜ መላ አይጠፋም። እኔ ዕጣዬን ሚያዝያ ላይ ልትወስድ ከነበረች ሴት ጋር ተቀያየርኩ። እሷ ለሰኔ ሠርግ ነበረባት፣ ሰኔ ተመቻት። እኔን ደግሞ ሚያዝያ ደረሰልኝ።

ቤት ውስጥም ተናገሩ። ከባለቤቴ አራት ቀን ደብቄ በጠዋት ለብሼ እየወጣሁ ስድስት ኪሎ ካፌ ቁጭ እል ነበር። በአምስተኛው ቀን "ቢሮሽ ማኪያቶ ማፍላት ጀመረ እንዴ? ልብስሽ ቡና ቡና ይላል" አለኝ።

3. የስልካችሁን የጥሪ ዝርዝር ቁጠሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይሄንን ሞክሩት።

መጀመሪያ እንደማንም ሰው ሲቪዬን ለማደስ ተቀመጥኩ። "የግዥ ኦፊሰር። ታታሪ። በቡድን መሥራት የምትችል።" ዘጠኝ ዓመት በሦስት መስመር አለቀ። እሱን እያየሁ እያለ ስልኬ ጠራ። መርካቶ የጽሕፈት መሣሪያ የሚያቀርቡ፣ ድሮ ለቢሯችን ይጫረቱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ ሥራ ላይ ነሽ እንዴ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።"

"ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፣ ይጠይቁኝ።"

አንድ ጨረታ ላይ ሲፒኦው (ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው የባንክ ክፍያ ማዘዣ) በማን ስም ይሠራ፣ ቴክኒካሉና ፋይናንሻሉ (የሙያው ሰነድና የዋጋው ሰነድ) ለየብቻ ይታሸግ ወይስ አብሮ፣ ዋጋው ቫትን ያካትት ወይስ አያካትት። ሃያ ደቂቃ አስረዳኋቸው። መርቀውኝ ዘጉ። ስልኩን ሳስቀምጥ በዚያ ሳምንት ተመሳሳይ ጥያቄ የጠየቀኝ ሦስተኛው ሰው መሆናቸው ትዝ አለኝ።

ደብተር አወጣሁ። የሦስት ወር ጥሪና የቴሌግራም መልእክት አንድ በአንድ አየሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦ ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛው ላይ ማን እንደደወለ፣ ሁለተኛው ላይ ምን እንደፈለገ፣ ሦስተኛው ላይ እናንተ ምን እንዳደረጋችሁለት ጻፉ። የሥራ መደብ ስም አትጻፉ፤ "ኦፊሰር"፣ "አስተባባሪ" የሚል ቃል ከገባ ሰርዙት። የዕድሩን፣ የቤተ ዘመዱን፣ የሰፈሩን ጥሪ አትዝለሉ። ምናልባት ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ሲሄድ እናንተን ይዞ መሄድ ይፈልግ ይሆናል፤ ምናልባት የሰፈሩን የኪራይ ውል የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ብድር የጠየቃችሁን ብቻ ዝለሉት፣ እሱ ሁሉም ቤት አለ።

ስትጨርሱ የሚደጋገመውን አክብቡ። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቋችሁ እሱ ሙያችሁ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈላችሁ በእሱ ባይሆንም። የኔ ወረቀት ላይ ግዥ የሚል ነገር ብዙም አልነበረም። ደጋግሞ የወጣው "ሰነዴን እይልኝ" የሚል ነው። ስድብ ይሁን ምርቃት ግራ ገብቶኝ ነበር።

4. የሌላ ሰው ለውጥ ፈልጉ

አሁን የተከበበውን ይዛችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄን የሚፈልገው ሰው ዘንድሮ ምን ተቀየረበት?

ጋሼ የተቀየረባቸው ጨረታው ራሱ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ በኢንተርኔት ወደሚካሄደው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት እየገባ ነው፤ ሰዉ ኢጂፒ ይለዋል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሰነድ በካሽ ገዝተው፣ ፖስታ አሽገው፣ ሳጥን ውስጥ ከትተው፣ ጨረታ ሲከፈት ከረባት አስረው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የኖሩት። አሁን መመዝገብ፣ የይለፍ ቃል መያዝ፣ ሰነድ ስካን አድርጎ መጫን መጣ። ከዕቃው ጥራትም ከዋጋውም በላይ የሚያስጨንቃቸው ይህ ሆነ።

እኔ ደግሞ የማውቀው ሰነድ ለምን እንደሚወድቅ ነው። አብዛኛው ተጫራች የሚወድቀው በዋጋ ይመስለዋል። ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ሰጥቶ ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ የሚወድቀውን ብዛት ብታዩ ታለቅሳላችሁ። የጨረታ ማስከበሪያው የሚጸናበት ጊዜ በጥቂት ቀን ያንሳል። የዋጋ ሠንጠረዡ አንድ ገጽ ላይ ማህተም ተረስቷል። ንግድ ፈቃዱ አልታደሰም። እነዚህን እያየሁ ዘጠኝ ዓመት "ውድቅ" ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ተጫራቹ ሳይልክ በፊት የሚያይለት ሰው ግን አልነበረውም። እኔ ላይ የደረሰው ለውጥ ጊዜ ሰጠኝ፣ ጋሼ ላይ የደረሰው ደግሞ ሰው አስፈለጋቸው። የተገናኘነው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ሰፈራችን ያለው መካኒክ 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠራ መኪና አይገባም ሲባል ጋራዡን ሊሸጥ ደርሶ ነበር። እውነቱን ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀይር፣ ካንዴላ የለው። ግን ቁጭ ብለን ስንቆጥር ነገሩ ሌላ ሆነ። ኤሌክትሪኩ በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፤ ጎማና የፊት እግር ይበላል፣ የኛን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ያለው የነዳጅ መኪናም በአዲስ ካልተተካ ያረጃል፣ ያረጀ መኪና ጋራዥ ይወዳል። እሱ በሁለቱም በኩል የፊት እግር ሥራ ላይ አተኮረ። ብርቱካናማዎቹን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ግን አይነካም። ሳይሠለጥኑ እነሱን መንካት ለሞት ነው።

ከቤይሩት የተመለሰች የአክስቴ ልጅ ደግሞ "የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ምን ሙያ አለኝ" ትል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የዋሉ ባልቴት ያስታመመች ልጅ ናት። ማንሣት፣ ማገላበጥ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ታውቃለች። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ አሜሪካ ሄደው ብቻውን የቀረ ወላጅ ሞልቷል። አሁን ከእነዚህ ወላጆች አንዱን ታስታምማለች፤ ከልጆቹ አንዱ ከዚያ ሆኖ ነው ደሞዟን የሚልከው።

5. በትንሹ ሞክሩት፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተናገሩ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አብሮኝ የተቀነሰ ልጅ ሙሉ የስንብት ክፍያውን ለካፌ ኪራይና ለማሽን አውሎት ሦስተኛው ወር ላይ በራፉን ዘጋ። ካፌው መጥፎ አልነበረም። ልጁ ግን ማኪያቶ ጠጥቶ እንጂ ሸጦ አያውቅም ነበር።

ለሙከራው ልክ አብጁለት፦ አንድ ደንበኛ፣ አንድ ሥራ፣ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ የአንድ ሳምንት አስቤዛ የሚያህል ወጪ። ቢሮ አትከራዩ፣ ቢዝነስ ካርድ አታሳትሙ።

እውነተኛው ፈተና ይሉኝታ ነው። የጋሼን የመጀመሪያ ሰነድ ሁለት ሌሊት ሠራሁበት። "ስንት ልክፈልሽ ልጄ?" ሲሉኝ "እንደመሰለዎት" አልኩ። ክትፎ ጋበዙኝ። ጥሩ ክትፎ ነበር፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ፋይሉን ሳልከፍት "ጋሼ፣ ይሄን የምሠራው በዚህ ያህል ነው፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስጨርስ" አልኩ። ፊቴ እየቀላ ነው ያልኩት። እሳቸው ቅር አላላቸውም። ቴሌብር ከፍተው "ቁጥርሽን በይ" አሉኝ።

"ካሸነፍኩ እከፍልሻለሁ" የሚል አይጠፋም። አትቀበሉ። ማሸነፍ በእናንተ እጅ አይደለም፤ የደከማችሁበት ሰነድ ግን ተሠርቷል። አንድ ነገር ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው፦ የድሮ ቢሯችሁን ጨረታ አትንኩ፤ የሌላውን ተጫራች ዋጋ ከቢሮ ይዛችሁ አትውጡ። ይሄ ከተማ ትንሽ ነው።

6. ሥራ መፈለጉንም አታቁሙ

ሙከራው ሥራ መፈለግን አይተካም። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት መድቡለት፦ ኢትዮጆብስ የሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ፣ ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ፣ የምታምኗቸው የቴሌግራም ቻናሎች። ለምዝገባ ወይም ለፎርም ብር የሚያስከፍል "ቀጣሪ" ሌባ ነው፣ ዝጉት።

ሲቪ ከመበተን ይልቅ ለአሥር ሰው አጭር መልእክት ላኩ። የኔ ይሄን ይመስል ነበር፦ "ሰላም፣ እንዴት ከርመሃል? የነበርኩበት ፕሮጀክት ተዘግቷል። አሁን ለአቅራቢዎች የጨረታ ሰነድ ከመላኩ በፊት አይቼ የጎደለውን እነግራለሁ። ሰነዱ እየወደቀ የተቸገረ የምታውቀው ሰው ካለ ቁጥሬን ስጠው።" "ሥራ ካለ አስታውሰኝ" አይልም፤ እሱን ያነበበ ሰው አዝኖ ይረሳዋል። "ሰነዱ የወደቀበት" ሲባል ግን አንድ ሰው ፊቱ ላይ ድቅን ይላል። ከአሥሩ አራቱ መለሱ፣ ሁለቱ ሰው ላኩ።

ሥልጠናን በተመለከተ አንድ ቃል። "5 ሚሊዮን ኮደርስ" የሚባለው የኢንተርኔት ሥልጠና ነጻ ነው፣ መጥፎም አይደለም። ግን በተራ ቁጥር 3 ያከበባችሁትን ሥራ የሚያግዝ ከሆነ ነው ውሰዱት የምለው። በተቀነስኩበት ሰሞን በድንጋጤ ሦስት ኮርስ ተመዝግቤ አንዱንም አልጨረስኩም።

7. ደንበኛው ከተመለሰ ሕጋዊ ሁኑ

ያው ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ፋይዳችሁንና ቲን ቁጥራችሁን ይዛችሁ ንግድ ፈቃድ አውጡ። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ምዝገባውን በኢንተርኔትም ይሰጣል። ግብሩን ፈርታችሁ ስትቆዩ ጥሩ ጥሩው ደንበኛ ያልፋችኋል፤ ድርጅት ያለ ደረሰኝ አይከፍልም።

8. በ90ኛው ቀን ደብተሩን እንደገና ክፈቱ

ማን ከፈለ? ማን ተመልሶ መጣ? ማን ሌላ ሰው ላከ? ሦስቱም ባዶ ከሆኑ ሐሳቡን ጣሉት፣ ወደ ተራ ቁጥር 3 ተመለሱና ቀጥሎ የተደጋገመውን ያዙ። ኪሳራችሁ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው።

ባለፈው ወር ጋሼ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የልደት ቀኑ እንደሆነ ልጅ ነው። "ልጄ፣ ዛሬ እኮ ራሴ ጫንኩት! ማንም ሳይነካልኝ!" አሉ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው እየሳቀች ይሰማኛል። ደስ አለኝ፣ እልል ነው ያልኩላቸው። ስልኩን ስዘጋ ግን ዋናው ደንበኛዬ እንዳመለጡኝ ገባኝ። ቡና አፈላሁ፣ ደብተሩን አወጣሁ፣ አዲስ ገጽ ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ።